የጅቢቱ የተቀደደ ጆሮ፦ ለልጆች የእንስሳት ተከታታይ ታሪክ ባለ ሥዕል ተጓዳኝ መጽሐፍ አዘገጃጀት

እንስሳት የሚናገሩበት፣ የሚማከሩበትና የሚዋጉበት ተከታታይ ታሪክ ሦስተኛው መጽሐፍ ላይ ሲደርስ ልጆች መጠየቅ ይጀምራሉ። ይህች ጦጣ ከመጀመሪያው መጽሐፍ የምናውቃት ናት ወይስ ልጇ? ቀበሮዎቹ ወንዙን የተሻገሩት ከጦርነቱ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ተጓዳኝ መጽሐፍ የምለው እነዚህን ጥያቄዎች በሥዕል፣ በካርታ፣ በዘር ሐረግና በአጫጭር ማብራሪያ የሚመልስ፣ ከዋናው ታሪክ ጎን የሚቀመጥ መጽሐፍ ነው። አዲስ ታሪክ አይተርክም፤ የተተረከውን ግን ልጁ እያገላበጠ እንዲመረምረው ያስችለዋል።

እኔ እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ያዘጋጀሁት አንድ ወዳጄ ለጻፈው ባለ አራት መጽሐፍ ታሪክ ነው። ታሪኩ ከእንጦጦ ጫካ አንሥቶ እስከ ቀበና ወንዝ ድረስ ባለው ምድር ስለሚኖሩ ጅቦች፣ ቀበሮዎች፣ ሽኮኮዎችና ስለ አንድ ሽማግሌ ኤሊ ይናገራል። ደራሲው፣ ሠዓሊውና እኔ ሥራውን የሠራነው አራት ኪሎ አካባቢ ባለች አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ሲሆን፣ ከዚህ በታች የምጽፈው አብዛኛው ነገር ከስሕተታችን የተቀዳ ነው። ሥራው በመዝገብ ይጀምራል፤ ብሩሹ ቆይቶ ይደርሳል። በመጽሐፉ ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ሥዕል «ይህ በየትኛው መጽሐፍ፣ በስንተኛው ገጽ ላይ ተጽፏል?» ተብሎ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ ሊኖረው ይገባል። ጠያቂው ደግሞ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው፤ ልጅ በዚህ ጉዳይ ላይ ይቅርታ አያውቅም።

ከሁሉ በፊት ግን ፈቃድ ያስፈልጋል። በአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ በኋላም በአዋጅ ቁጥር 872/2007 እንደተሻሻለው፣ ሥራን የመተርጎምና ወደ ሌላ መልክ የመለወጥ መብት የሥራው አመንጪ ነው፤ የኢኮኖሚ መብቱም በሕይወት ዘመኑና ካረፈ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ስለዚህ የሌላ ሰው ገጸ ባሕርያትን ሥሎ፣ ካርታቸውን አውጥቶ ለገበያ ማቅረብ የሚቻለው በጽሑፍ በተሰጠ ፈቃድ ነው። ደራሲው ወዳጄ ስለሆነ ወረቀት መጠየቅ አሳፍሮኝ ነበር። ይሁን እንጂ ሠዓሊው «ሥዕሎቹ የማን ናቸው?» ብሎ በጠየቀ ቀን ሁለታችንም ዝም አልን፤ በማግሥቱ አንድ ገጽ ተኩል ውል ተጻፈ። በውሉ ላይ የሥዕሎቹ ባለቤትነት፣ የሚታተመው ቅጂ ብዛትና በታሪኩ ውስጥ ስም ላልተሰጣቸው እንስሳት ስም ማውጣት ይፈቀድ እንደሆነ በግልጽ መስፈር አለባቸው። የመጨረሻው ነጥብ ቀላል ይመስላል፤ በእኛ ዘንድ ግን ከገንዘቡ የበለጠ ያከራከረው እርሱ ነበር።

ስለ መዝገቡ

ከእያንዳንዱ መጽሐፍ ሁለት ሁለት ቅጂ ይዘጋጅ። አንደኛው ንጹሕ ሆኖ ይቀመጣል፤ ሁለተኛው ይሰመርበታል፣ ይታጠፋል፣ ኅዳጉ ላይ ይጻፍበታል። መጽሐፉ ቆይቶ ከመደብር የጠፋ ከሆነ በብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ያሉ አሮጌ መጽሐፍ ሻጮችን መጠየቅ ይበጃል። የተሰመረበት ቅጂ ቢያጋጥምም ግድ የለም፤ ለማስመር ነውና የሚገዛው።

ከዚያ በኋላ መጻሕፍቱ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ለዝርዝራቸው ሲባል ይነበባሉ። እኛ አራት ባለ ቀለም እርሳስ ተጠቅመናል፦ ቀዩ ለመልክና ለአካል፣ አረንጓዴው ለቦታ፣ ሰማያዊው ለጊዜ፣ ቢጫው ለዝምድናና ለአጠራር። የተሰመረው ሁሉ ከመጽሐፉና ከገጹ ቁጥር ጋር ወደ መዝገብ ይገለበጣል። ኤክሴል ለዚህ ይመቻል፤ ነገር ግን ሰፊ ባለ መስመር ደብተርም ይበቃል፣ መብራት ሲጠፋም አይጠፋም። ለአንድ ገጸ ባሕርይ አንድ ሙሉ ገጽ ይሰጥ። ከእኛ መዝገብ የመንጋዋን እናት ጅብ የሚመለከተው ክፍል እንዲህ ይነበብ ነበር፦

«መጽሐፍ 1፣ ገጽ 14፦ ቀኝ ጆሮዋ ከጫፉ የተቀደደ ነው። መጽሐፍ 1፣ ገጽ 62፦ በደህናው ጆሮዋ ወደ ግራ አዳመጠች። መጽሐፍ 2፣ ገጽ 9፦ ነጠብጣቧ ከዕድሜ ብዛት ደብዝዟል። መጽሐፍ 3፣ ገጽ 101፦ ድልድዩ ከወደቀ ወዲህ የኋላ ግራ እግሯን ታነክሳለች።»

ከአራቱ መስመሮች የመጨረሻው በተለይ ሊጤን ይገባዋል። «ታነክሳለች» የሚለው ብቻውን አይጠቅምም፤ «ድልድዩ ከወደቀ ወዲህ» የሚለው ነው ለሠዓሊው ሥራ የሚሰጠው፤ ምክንያቱም በመጀመሪያው መጽሐፍ ገጾች ላይ የምትሣለው ጅብ በአራት ደህና እግሮቿ መቆም አለባት። ስለዚህ በመዝገቡ ላይ «ከመቼ ጀምሮ» እና «እስከ መቼ» የሚሉ ሁለት ዓምዶች ይጨመሩ። ጠባሳ፣ ሽበት፣ የተሰበረ ቀንድ፣ የጠፋ ዘመድ፣ ሁሉም ጊዜ አለው።

መዝገቡ ሲሞላ የደራሲው ስሕተቶች ይወጣሉ። አይቀሬ ነው። በአንደኛው መጽሐፍ ሦስት የነበሩት የሽኮኮ ወንድማማቾች በሦስተኛው አምስት ሆነው እናገኛቸዋለን። ደራሲው በሕይወት ካለና ስልክ የሚያነሣ ከሆነ ይጠየቅ፤ የእርሱ ቃል ይጸናል። ካልሆነ ሥዕሉ የሚያጠያይቀውን ነገር እንዲሸሽግ ማድረግ ይቻላል፤ ሁለቱ ወንድሞች ከድንጋይ ኋላ ቢሆኑ ማንም አይቆጥራቸውም። ሦስተኛው መንገድ ክርክሩን ለእንስሳቱ ራሳቸው መስጠት ነው፦ «ሽኮኮዎች አምስት ነበርን ይላሉ፤ ቀበሮዎች ግን ከሦስት በላይ አላየንም ብለው ይምላሉ።» ልጆች ይህን እጅግ ይወዱታል። እኔ ግን በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ከሁለት ጊዜ በላይ እንዳይደረግ እመክራለሁ፤ ሲደጋገም አዘጋጁ ሥራውን የሸሸበት ይመስላል።

ማን ማንን ምን ብሎ ይጠራል

በውጭ ቋንቋ የተዘጋጁ ተጓዳኝ መጻሕፍትን አይቶ የሚነሣ ሰው ከመዝገቡ የሚያስቀረው አንድ ዓምድ አለ፤ እርሱም የአጠራር ዓምድ ነው። በአማርኛ ግስ ጾታንና ክብርን ሳይለይ አንድ እርምጃ አይሄድም። ኤሊው ወይ «መጣ»፣ ወይ «መጣች»፣ ወይ «መጡ» ይባላል፤ መካከለኛ መሸሸጊያ የለም። ከተረት ጋር ያደገ ልጅ ደግሞ በዚህ ረገድ የሠለጠነ ጆሮ አለው። ጅብን «አያ ጅቦ»፣ ጦጣን «እመት ጦጢት»፣ አንበሳን «አያ አንበሶ» እያለ ከአያቱ ወይም በቴሌቪዥን ለአሥርት ዓመታት ከተረቱት ከአባባ ተስፋዬ ትረካ ሰምቷል። «አያ» የሚለው ቃል ለጅቡ የሚሰጠው ክብር ከፍርሃት የመጣ መሆኑንም ሳይነገረው ያውቃል።

ስለዚህ በመዝገቡ ላይ ማን ማንን «አንተ»፣ ማን ማንን «እርስዎ» እንደሚል፣ ማን «ጋሼ»፣ ማን «እትዬ»፣ ማን ደግሞ በባዶ ስም እንደሚጠራ ከነገጹ ይመዝገብ። በእኛ ታሪክ ትንሹ ሽኮኮ ሽማግሌውን ኤሊ «አባባ» ይላቸዋል፤ እርሳቸው «ልጄ» ይሉታል። ጥንብ አንሣው ለማንም ክብር አይሰጥም፣ ለእናት ጅቢቱ ብቻ «እትዬ» ይላል፤ የሚበላው ከእርሷ የተረፈውን ነውና። በሁለተኛው መጽሐፍ ገጽ 88 ላይ ደግሞ ወጣቱ ቀበሮ አጎቱን ድንገት «አንተ» ይለዋል። ደራሲው ስለ ክህደቱ አንድ ቃል ሳይጽፍ ነገሩ ያለቀው በዚያች ቃል ነበር።

ከዚህ ዓምድ አንድ ሙሉ የመጽሐፍ ገጽ ወጣ። የአሥራ ሁለቱን ዋና ዋና እንስሳት ፊት በክብ አሰልፈን፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ቀስት እየሳብን፣ በቀስቱ ላይ የመጠሪያውን ቃል ጻፍን፤ የአክብሮቱ ቀስት በወርቃማ ቀለም፣ የመቀራረቡ በአረንጓዴ፣ የንቀቱ በተቆራረጠ መስመር። ብዙ የደከምንበት የጦርነት ካርታ እያለ ልጆቹ ይህን ገጽ ደጋግመው ገለጡ።

በዚሁ ላይ ሌላ የፊደላችን ጉዳይ አለ። የግእዝ ፊደል የተጸውዖ ስምን ከተራ ስም የሚለይበት ትልቅ ፊደል የለውም። ከቀበሮዎቹ አንዷ ስሟ ደመና ነበርና «ደመና ከተራራው ወረደች» የሚለውን መግለጫ ያነበበ ልጅ የአየር ጠባይ መስሎት አለፈው። መፍትሔው በየገጹ ስሙ መጀመሪያ በሚጠቀስበት ቦታ በደማቅ ጽሕፈት መጻፍና አጠገቡ የፊደሉን ቁመት ያህል ትንሽ የፊት ምስል ማኖር ነው።

ስለ ሥዕሉ

ሠዓሊው ብሩሽ ከማንሣቱ በፊት ምን ያህል ወደ እውነተኛው እንስሳ፣ ምን ያህል ወደ ምናብ እንደሚጠጋ መወሰን አለበት። ይህን በቃል ማስረዳት ከባድ ነው፤ ቸርችል ጎዳና ላይ ግን በእግር ወርዶ ማየት ይቻላል። ለገሃር ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ያለው የይሁዳ አንበሳ ሐውልት፣ በ1923 ዓ.ም. ከንግሡ በዓል ጋር ተያይዞ የቆመውና በጣሊያን ወረራ ዘመን ወደ ሮም ተወስዶ የተመለሰው፣ ጡንቻውና ጋማው ሥጋ የለበሰ እስኪመስል ተጠንቅቆ የተሠራ ነው። ከዚያ ወደ ብሔራዊ ቴአትር ጥቂት ከፍ ቢሉ ፈረንሳዊው ቀራጺ ሞሪስ ካልካ የሠራው ሌላ የይሁዳ አንበሳ ይገኛል፤ እርሱ ከድንጋይ የተጠረበ፣ በሰፋፊ ገጽና በሹል ጠርዝ የተሠራ፣ ጋማው እንደ ጥርብ ደረጃ የተደራረበ ነው። ሁለቱም አንበሳ ናቸው፤ ማንም አይሳሳትም። ሠዓሊያችን አንድ እሑድ ጧት ሁለቱንም በእርሳስ ሥሎ ከመጣ በኋላ በሁለቱ መካከል ወደየትኛው እንደምንጠጋ ለመስማማት ሩብ ሰዓት አልፈጀብንም።

ሕይወት ያለውን እንስሳ ማየትም ግዴታ ነው። ከፎቶ ብቻ የተሣለ እንስሳ ክብደት ያጣል፤ መሬቱን አይረግጥም። አራት ኪሎ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተፈጥሮ ሳይንስ ግቢ ያለው የእንስሳት ሙዚየም ቆዳቸው ተሞልቶ የቆሙ እንስሳትን ስለሚይዝ ለመለካትና ዝርዝሩን ለማየት ይጠቅማል። በ2012 ዓ.ም. በታላቁ ቤተ መንግሥት የተከፈተው አንድነት ፓርክ ደግሞ ባለ ጥቁር ጋማ አንበሶችን ሲንቀሳቀሱ ያሳያል። የአዲስ አበባ አንበሶች ጋማ ከራስና ከአንገት አልፎ ደረትንና ሆድን ይወርሳል፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2012 የወጣ የዘረ መል ጥናትም በከተማዋ የእንስሳት ማቆያ የነበሩት አንበሶች ከሌሎች የአፍሪካ አንበሶች የተለየ የዘር መለያ እንዳላቸው አሳይቷል። በመጽሐፋችሁ አንበሳ ካለ ከውጭ ካርቱን የተቀዳ፣ ጋማው እንደ ሱፍ አበባ ፊቱን ብቻ የከበበ አንበሳ አትሥሉ።

ቀጥሎ የመጠን ሠንጠረዥ ይዘጋጃል። ሁሉንም እንስሳት በአንድ መስመር ላይ በአሥር እጅ አሳንሶ መሣል ነው። ነጠብጣባም ጅብ ትከሻዋ ላይ 80 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሆነች በወረቀቱ 8 ሴንቲ ሜትር ትሆናለች፤ ቀይ ቀበሮው 6፣ ሽኮኮው ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። ይህ ሠንጠረዥ በሠዓሊው ጠረጴዛ ላይ ተለጥፎ ካልተቀመጠ ሽኮኮው በየገጹ ያድጋል፤ የምንወደውን ገጸ ባሕርይ እጃችን ሳናውቀው ያሳድገዋልና። እያንዳንዱ ዋና ገጸ ባሕርይ ከፊት፣ ከጎንና ከኋላ፣ እንዲሁም በአራት ወይም አምስት ስሜት ተሥሎ አንድ መለያ ገጽ ይኑረው። የጅብ የፊት እግር ከኋላው ስለሚረዝም ጀርባዋ ቁልቁል ያዘነብላል፤ ይህ ከጠፋ ጅቢቱ ውሻ ትሆናለች።

አንድ ማሳሰቢያ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን ሥዕል ይመጣል። በጥንታዊው የአገራችን ሥዕል ጻድቃን በሁለት ዓይን፣ ፊታቸው ወደ ተመልካቹ ዞሮ ሲሣሉ፣ ክፉዎች በአንድ ዓይን፣ በጎን ይሣላሉ። ፒያሳ ቅዱስ ጊዮርጊስን እየተሳለመ ያደገ ልጅ ይህን ቋንቋ ማንም ሳያስተምረው ያነበዋል። እንስሳን ደግሞ በጎን መሣል ይቀላል፤ አፍንጫውም ጅራቱም ይታያል። እኛ ጀግኖቹን በጎን፣ ከሐዲውን ቀበሮ ከፊት ሥለን ለልጆች ስናሳይ ከሰባቱ አምስቱ ክፉው ማን እንደሆነ ተሳሳቱ። ከዚያ ወዲህ የፊት ምስሎችን ሁሉ ትንሽ ዞር ብለው፣ ሁለቱም ዓይናቸው እየታየ እንዲሣሉ ወስነናል።

ልብስን በተመለከተ ደራሲው ካላለበሳቸው አታልብሷቸው። ኩታ የለበሰ ጅብ ሲታሰብ ደስ ይላል፣ ጅራቱ በየት በኩል እንደሚወጣ እስኪጠየቅ ድረስ።

ካርታውና እውነተኛው ምድር

ካርታ ከመዝገቡ አረንጓዴ መስመሮች ይወጣል። በምናብ ምድርም ቢሆን ውኃ ወደ ታች ይፈሳል። የእኛ ታሪክ ምድር ከአዲስ አበባ የተቀዳ ስለሆነ ነገሩ ቀላል መሆን ነበረበት፦ እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ በሰሜን ቆሟል፣ ቀበናና ግንፍሌ ከእርሱ ተነሥተው ወደ ደቡብ ይወርዳሉ፣ ውኃቸውም በመጨረሻ አቃቂ ይደርሳል። በመጀመሪያው ረቂቃችን ግን ሠዓሊው ገጹ እንዲያምር ብሎ አንዱን ወንዝ ወደ ግራ ሲያጥፈው ወንዙ ኮረብታ ወጣ። እኔም ደራሲውም አላየነውም፤ ያየችው ቀበና ዳር ያደገች ቡና አፍልታ የምትሰጠን ወጣት ናት።

ርቀት በእንስሳቱ እግር ይለካ። ደራሲው ሽማግሌው ኤሊ ከጫካው እስከ ድልድዩ በሦስት ቀን ደረሱ ካለ፣ በሰዓት 300 ሜትር ብንሰጣቸውና በቀን ስድስት ሰዓት ቢሄዱ፣ መንገዱ 5.4 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ያንኑ መንገድ ጅቢቱ ከእራት በፊት ደርሳ ትመለሳለች። ካርታው ላይ ሁለት የርቀት መለኪያ፣ አንዱን በኤሊ ቀን፣ ሌላውን በጅብ ሌሊት፣ ማስቀመጥ ለልጆች ከኪሎ ሜትር ይልቅ ይጥማቸዋል። ከከተማው የሚቀዳ ሕንፃ ወይም መንገድ ካለ ደግሞ ቀኑ ይጻፍበት፤ በ2016 ዓ.ም. ለኮሪደር ልማት ብዙ የፒያሳ ቤቶች ሲፈርሱ ከዚያ በፊት የሣልነው የቁራዎቹ ጣሪያ ከሥዕሉ በቀር የትም ቀረ።

ከምናቡ ጎን ስለ እውነተኛው እንስሳ የሚናገር ትንሽ ሳጥን በየምዕራፉ ቢገባ መጽሐፉ ይከብራል። ጥሩው ሳጥን ልጁ የሚያውቀውን ነገር የሚያናውጥ ነው። ለምሳሌ ጃርት እሾሁን እንደ ቀስት አይወረውርም፤ እሾሁ ሲነካ ይነቀልና በነካው ላይ ይሰካል። የሽኮኮ የቅርብ ዘመድ አይጥ ሳይሆን ዝሆን ነው። ቀይ ቀበሮ ስሙ ቀበሮ ቢሆንም ዝምድናው ከተኩላ ነው፤ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር የትም አይገኝም፣ ያሉትም ጥቂት መቶዎች ብቻ ሲሆኑ አብዛኞቹ በባሌ ተራሮች ይኖራሉ። በመንጋ ይኖራል፣ አይጥና ፍልፈል ሲያድን ግን ብዙውን ጊዜ ብቻውን ነው። ጭላዳ ሣር በል ነው፤ ተቀምጦ በጣቶቹ ሣር ሲነጭ ይውላል። በነጠብጣባም ጅቦች ዘንድ ደግሞ ሴቷ ከወንዱ ትገዝፋለች፣ መንጋውንም የሚመሩት ሴቶች ናቸው። ተረቱ «አያ ጅቦ» ሲል የኖረውን ወዳጄ ወደ እናት ጅብ የለወጠው ይህን አንብቦ ነው፤ ሳጥኑም ይህን ስለሚናገር አንድ አባት «ጅብን ለምን ሴት አደረጋችሁት?» ብለው ሲጠይቁ መልሱ ገጽ 31 ላይ ነበር። ሳጥኑ ከስልሳ ቃል አይብለጥ፤ ቀለሙም ከታሪኩ ገጾች የተለየ ይሁን፣ ልጁ የትኛው እውነት የትኛው ምናብ እንደሆነ ሳይቸገር እንዲለይ።

ምስጢር ስለ መጠበቅ

አንደኛውን መጽሐፍ ብቻ ያነበበ ልጅ ተጓዳኙን ገልጦ የኤሊውን ሞት ካየ አዘጋጁ በድሎታል። መጽሐፉን በእንስሳት ስም ቅደም ተከተል ማደራጀት ይህን ያስከትላል፤ ሁሉም ነገር በአንድ ገጽ ይነገራልና። እኛ በአራት ክፍል ከፍለን፣ የእያንዳንዱን ክፍል የገጽ ጠርዝ በዋናው መጽሐፍ ሽፋን ቀለም ቀባነው። አረንጓዴውን መጽሐፍ የጨረሰ አረንጓዴውን ክፍል ያነብባል። የዘር ሐረጉም አራት ጊዜ ይመጣል፣ በየጊዜው አንድ ቅርንጫፍ እየጨመረ። ገጽ ይበላል፤ ግን ያዋጣል።

የቃላት መፍቻው ከሁሉ አጭር ክፍል ሆኖ ሳለ ከሁሉ በላይ የሚያጨቃጭቅ ነው። ልጁ «ሠራዊት»ን በንጉሡ ሠ ይፈልግ ወይስ በእሳቱ ሰ? «ዓዋጅ» በዐ ነው ወይስ በአ? ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ጸ እና ፀም እንዲሁ ናቸው። ዋናው መጽሐፍ የተጠቀመበትን አጻጻፍ መከተል የመጀመሪያው ደንብ ነው፤ በቅደም ተከተሉ ግን አንድ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት በአንድ ቦታ ማስቀመጥ ይሻላል። የቋንቋ መምህራን ቅር ሊሉ ይችላሉ፤ መፍቻው ግን የተዘጋጀው ለሚፈልገው ልጅ ነው።

ወደ ማተሚያ ቤት

ሥዕሎቹ በሚታተሙበት መጠን በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ጥራት ይቃኙ። እስከ ጠርዝ የሚደርስ ሥዕል በሁሉም በኩል 3 ሚሊ ሜትር ትርፍ ይኑረው፤ አለበለዚያ ከተቆረጠ በኋላ ነጭ መስመር ይቀራል። በኮምፒዩተር ገጽ ላይ የሚያበራው አረንጓዴ በወረቀት ላይ ይጠወልጋልና፣ ቀለሙ ወደ ኅትመት ቀለም ተለውጦ በትክክለኛው ወረቀት ላይ የናሙና ገጽ ሳይታይ አይፈረም። ጽሑፉ በጥቁር ቀለም ብቻ ይታተም፤ ከአራት ቀለም የተቀላቀለ ጥቁር ትንሽ ሲዛነፍ የግእዝ ፊደል ቀጫጭን እግሮች ይደፈናሉ፣ ጀማሪ አንባቢም ሰ ይሁን ሱ መለየት ያቅተዋል። የገጹ ብዛት በ16 የሚካፈል ቢሆን ወረቀት አይባክንም። የመጽሐፍ መለያ ቁጥር የሚወሰደው ከአገሪቱ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት፣ ከወመዘክር፣ ነው፤ ከታተመም በኋላ ቅጂ ለዚያው ገቢ ይደረጋል።

ፋይሉ ወደ ማተሚያ ከመሄዱ በፊት ደግሞ አንድ ሰው መዝገቡን በአንድ እጁ፣ የናሙና ገጾቹን በሌላው ይዞ ሥዕል በሥዕል ያመሳክር። ይህን ሠዓሊው ሥዕሉን ባስረከበበት ቀን አድርገነው ነበር፤ ሁሉም ልክ ነበር። ገጹን ያቀናበረው ባለሙያ ግን እናት ጅቢቱ ከመጽሐፉ ወደ ውጭ ስትመለከት አላማረውም፤ ወደ ውስጥ እንድታይ ብሎ ምስሉን እንደ መስታወት ገለበጠው። በሙያው ደንብ ትክክል ነው። በጅቢቱ ላይ ግን የተቀደደው ጆሮ ከቀኝ ወደ ግራ ዞረ። 500 ቅጂ ታትሞ፣ ተጠርዞ፣ በካርቶን ታሽጎ መጣ። የመጀመሪያውን ካርቶን ከፍተን ለንባብ ቡድኑ ልጆች ባሳየን ቀን አንዲት ልጅ ገጹን ከደረቷ አስጠግታ ይዛ፣ በጣቷ የራሷን ቀኝ ጆሮ ነካች፣ ከዚያ ሥዕሉን፣ ከዚያም እኔን ተመለከተች። «ጋሼ፣ በደህናው ጆሮዋ ነው የተቀደደችው?»

ደህናውን ጆሮና የተቀደደውን ጆሮ ለየብቻ በተለጣፊ ወረቀት አሳትመን፣ በመቀስ እየቆረጥን፣ በ500 ቅጂ ላይ ሁለት ሁለት አድርገን ለአራት ምሽት ለጠፍን። የተገለበጠ ሥዕል ሁሉ ከዚያ ወዲህ በመዝገቡ ላይ በቀይ ይጻፋል፤ ጠባሳ፣ ፊደል ወይም የእጅ ዕቃ ያለበት ሥዕልም ጭራሽ አይገለበጥም። ለሁለተኛው ህትመት ገጹ ተስተካክሏል። ልጅቷ ግን የተስተካከለውን ቅጂ ስንሰጣት አልተቀበለችም፤ ተለጣፊ ጆሮ ያለበትን ነው የፈለገችው፣ ከተረፉት ጆሮዎችም አምስት ጨምራ ወሰደች።